መሀል አዲስ አበባን በሳይክል፦ ከስድስት ኪሎ ተነሱና ወደ መስቀል አደባባይ ውረዱ

አዲስ አበባን በሳይክል መጎብኘት ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ ሚለው "በዚህ ዳገት?" ነው፣ አልተሳሳተም። ከተማው ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀ ነው ሚሄደው፣ ስለዚህ ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ወደ ፒያሳ ልውጣ ያለ ሰው ቸርችል ጎዳና መሀሉ ላይ ሲደርስ ከሳይክሉ ወርዶ እየገፋ ነው ምታገኙት። ያንኑ መንገድ ከላይ ወደ ታች ስትሄዱት ግን ፔዳል መምታት እንኳ ብዙም አያስፈልግም። እና እዚህ ምነግራችሁ ነገር ሁሉ በዚህች ላይ ነው የቆመው፣ አስጎብኚ ስትመርጡም ሰዓት ስትቀጥሩም ቁልቁለቱን ለናንተ እንዲሰራ አድርጉት።

መንገዱ እንዲህ ነው፦ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ፒያሳ፣ ቸርችል፣ ለገሃር፣ ስታዲየም፣ መስቀል አደባባይ። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሳትቆሙ ከሄዳችሁ ሰዓት አይፈጅም፣ በየቦታው እየቆማችሁ እየጎበኛችሁ ቡና እየጠጣችሁ ከሄዳችሁ ግን ግማሽ ቀን ነው። መሀል ላይ አንዲት ዳገት አለች እሷን ቦታዋ ስንደርስ እናወራታለን።

አስጎብኚ ለምን ያስፈልጋል እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደኩ ነኝ ምትሉ ትኖራላችሁ። ሰፈራችሁን ታውቃላችሁ፣ እሺ፣ ግን በታክሲ መስኮት ነው ምታውቁት። የቱ አስፋልት ላይ ጉድጓድ እንዳለ፣ የሳይክል መስመሩ የት ጋ ድንገት እንደሚቋረጥ፣ የቱ ግቢ ሳይክል አስገብቶ እንደሚያስቀምጥ የቱ ጥበቃ "ከዚህ አንሱ" እንደሚል ሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ሙዚየም ስትገቡ ሳይክሉን ማን ይጠብቃል? አስጎብኚ ሚያስፈልገው ግማሹ ለዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

አስጎብኚ ስትፈልጉ ሁለት አይነት ሰው ታገኛላችሁ። አንዱ የአስጎብኚነት ፈቃድ ያለው፣ ታሪኩን ሚያውቅ፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ግን ሳይክል ላይ ገና ጀማሪ የሆነ ነው። ሌላው ሳይክል ሚያከራይ ልጅ ነው፣ ከተማውን እንደ መዳፉ ያውቃል ጎማ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀይራል፣ ሐውልቱ ስር ስትደርሱ ግን "ይሄ ያው የድሮ ሐውልት ነው" ብሎ ይጨርሳል። ጥሩው መፍትሄ ሁለቱንም መያዝ ነው፣ አንዱ ከፊት ይመራል አንዱ ከኋላ ሆኖ ሚቀረውን ሰው ይሰበስባል። ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ከኋላ ሚሄድ ሰው የግድ ነው፣ መብራት ላይ ግማሹ አልፎ ግማሹ ሲቀር እኮ ነው ሰው ሚጠፋፋው።

ከመክፈላችሁ በፊት በስልክ ምትጠይቁት ጥያቄ አለ። በየት በኩል ነው ምትወስደን? ዳገቱ የት የት ጋ ነው? ሄልሜት አለ? የሙዚየም መግቢያ ዋጋው ውስጥ አለበት ወይስ እኛ ነን ምንከፍለው? ጎማ ቢተነፍስ ማነው ሚሰራው? ዝናብ ከመጣ ቀኑ ይቀየራል ወይስ ብሩ ቀለጠ? ሽንት ቤት የት የት እንቆማለን? (ይሄን መጠየቅ አትፈሩ ሁሉም ሰው ማወቅ ሚፈልገው እሱን ነው።) ዳገቱን ስትጠይቁት "ዳገት ሚባል ነገር የለም ሜዳ ነው" ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት የለም ሚል ሰው ወይ አልነዳም ወይ እየዋሸ ነው።

ሌላው መመዘኛ እየነዳ ያወራል ወይስ ቆሞ ነው ሚያወራው። ጥሩ አስጎብኚ እየነዳ "መኪና ከኋላ"፣ "ጉድጓድ"፣ "ቀኝ ያዙ" ከሚል ውጪ ትንፍሽ አይልም፣ ከቆመ በኋላ ነው ሚተርከው። ወደ ኋላ እየዞረ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሚያወራችሁን ሰው ታክሲ ከመግጨቱ በፊት አስቁሙት።

ሳይክሉ ሲመጣላችሁ ቀለሙን ትታችሁ ፍሬኑን እዩ። የፊቱንም የኋላውንም ለየብቻ ያዙና ወደ ፊት ግፉት፣ ጎማው መዞር የለበትም። የፍሬኑ እጀታ መሪው ጋ እስኪነካ ከተጨበጠ ላልቷል ማለት ነው፣ እዛው አስጠብቁት፣ ይሄ መንገድ ቁልቁለት ነው አልኳችሁ እኮ። ጎማውን በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ እንደ በሰለ አቮካዶ ከገባላችሁ ይነፋ። ጎማውን ከፍ አድርጋችሁ አዙሩትና ቀጥ ብሎ መዞሩን እዩ። መቀመጫው ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ እጥፍ እስኪል ይስተካከል፣ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ጉልበቱ ደረቱ ጋ እየደረሰ ሚነዳ ሰው ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ያለቅሳል። ማርሹን ሁሉንም ሳትነሱ ቀያይሩና ሞክሩት። አስጎብኚው ቦርሳ ውስጥ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ መኖሩን ጠይቁ፣ ጎሚስታ መንገድ ላይ አይጠፋም ግን እሁድ ጠዋት ሁሉም አይከፍትም።

ቀኑ እሁድ ቢሆን ነው ሚሻለው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ኪሎ ተገኙ። ታክሲው ሰልፉ ክላክሱ የለም፣ አየሩም ንፁህ ነው። በ2011 የተጀመረው መንገድ ለሰው ሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በወሩ የመጨረሻ እሁድ የተመረጡ መንገዶችን ለመኪና እየዘጋ ለእግረኛና ለሳይክል ሚለቅ ነው፣ ከዛ ቀን ጋር ካጋጠማችሁት ሰርግና ምላሽ ነው፣ አስጎብኚያችሁ የዛን ወር የቱ መንገድ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ያጣራ። መሄድ የሌለባችሁ ቀን ደግሞ አለ። መስከረም 16 ደመራ ነው መስቀል አደባባይ አትደርሱም። የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ ሰው በሰው ነው (ለአድዋ በዓል ሂዱ፣ ግን በእግራችሁ)። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ ዙሪያ ዝግ ነው። የአፍሪካ ህብረት ጉባኤ ሰሞን መንገድ መቼ እንደሚዘጋ ስለማይታወቅ ባትቀጥሩ ይሻላል። ክረምት፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ያለው፣ ጠዋት ጠራ ቢልም ከሰዓት አይታመንም፣ እርጥብ ዜብራና የጉድጓድ ብረት ክዳን ላይ ፍሬን መያዝ ማለት መሬት ላይ መገኘት ነው። ጥቅምት ኅዳር ታህሳስ በጣም ደስ ይላል፣ ብርዱ ጠዋት ላይ ጣት ያደነዝዛል ግን ጓንት ትለብሳላችሁ አለቀ።

አለባበስ ላይ አንድ ነገር ልበል። መንገዳችሁ ላይ ሥላሴ ካቴድራልም ጊዮርጊስም አሉ፣ እነዛን የሳይክል ጠባብ ቁምጣዎች ለብሳችሁ ቤተክርስቲያን ግቢ አትገቡም፣ አይገባምም። ከላይ ሰፋ ያለ ሱሪ ደርቡ፣ ሴቶች ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ያዙ፣ ጫማ ምታወልቁ ከሆነ ካልሲው ንፁህ ይሁን በቃ። ሱሪያችሁ ሰፊ ከሆነ የቀኙን እግር ጫፍ አጠፍ አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩት ሰንሰለቱ ይበላዋል። ቦርሳ በጀርባ ወይም አሸጋግራችሁ አንግቱት፣ ስልክ መሪ ላይ ሰክታችሁ አትንዱ፣ ጭንቅንቅ ውስጥ ቀስ ስትሉ አንዱ መንትፎ ይሮጣል። መታወቂያ ያዙ፣ ፋይዳም ይሁን የቀበሌ፣ የሙዚየም መግቢያ ላይ ለሀገር ሰውና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል።

ከውጭ ለመጣችሁ ወይ ከቆላ ለመጣችሁ ደግሞ ይሄ፦ ከተማው ከባህር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ስድስት ኪሎ ደግሞ ከዛም ትንሽ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሚገባው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። በመጣችሁ በነጋታው ሳይክል ላይ አትውጡ፣ ሁለት ሶስት ቀን በእግር ተንሸራሸሩና ከዛ። ውሃ ጠጡ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ከባድ አትብሉ፣ ጨጨብሳና ጥብስ ለመጨረሻው ይቆይ፣ አንድ ዳቦ በሻይ ይበቃል።

በሉ እንነሳ።

ስድስት ኪሎ አደባባዩ መሀል ያለው ረጅም ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣልያኖች ለቀናት በከተማው ሰው ላይ የፈፀሙትን ጭፍጨፋ ነው ሚያስታውሰው። አስጎብኚው ሐውልቱ ዙሪያ ያሉትን የነሐስ ምስሎች አንድ በአንድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ስራ ናቸው፣ ብዙ ሰው በታክሲ እየዞረው አድጎ አንድ ቀን ተጠግቶ አላያቸውም። እዛው ፊት ለፊት ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተመንግስት፣ ንጉሱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ግቢ። ውስጡ ያለው ሙዚየም በኔ አስተያየት ከከተማው ሁሉ አንደኛ ነው፣ የንጉሱ መኝታ ቤት ራሱ ይታያል። ግቢው ውስጥ ወደ የትም ማይወስድ የኮንክሪት ደረጃ አለ፣ ጣልያኖች የሰሩት፣ ሙሶሎኒ ስልጣን ከያዘ ጀምሮ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ተብሎ። ከነፃነት በኋላ ደረጃውን አላፈረሱትም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳን አስቀመጡበት። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አንበሳ መቁጠር እዚህ አስጀምሯቸው፣ እስከ ታች ድረስ ይበዛላቸዋል።

ትንሽ ወረድ ስትሉ አምስት ኪሎ ከመድረሳችሁ በፊት ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ድንቅነሽ እዚህ ናት፣ ኅዳር 1967 ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ሳይክሎቹን አንዱ ይጠብቅ፣ ቦርሳ በር ላይ ይፈተሻል። ረጅም ሰዓት አትፍጁ፣ መኪና ሚበዛበት ሰዓት ላይ እንዳትደርሱ። አስጎብኚያችሁ ፎቁን በሙሉ ካላዞርኳችሁ ካለ ለሌላ ቀን በሉት።

ከአምስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ መንገዱ ለስላሳ ቁልቁለት ነው፣ ሳይክል መስመሩ ላይ ሂዱ። ስለ ሳይክል መስመሩ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። የኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማውን ለሳይክል እንደቀየረው ምንም አያከራክርም፣ ፒያሳና ደጃች ውቤ ሰፈር አካባቢ የፈረሰውን ቤትና ከዛ የተነሳውን ሰው ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም፣ ሁለቱም እውነት ነው። ግን መስመሩ ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም። እግረኛ ይሄድበታል፣ ሴልፊ ይነሳበታል፣ ሞተር ይገባበታል፣ ህፃን ኳስ ይጫወትበታል። ደወል አድርጉ፣ ቀስ በሉ፣ "ይቅርታ እናቴ"፣ "ጋሼ ላልፍ ነው" በሉ፣ አትሳደቡ። መስመሩ ስላለ ሰው ሁሉ ይለቅልኛል ሚል ጋላቢ ነው ሚጋጨው።

አራት ኪሎ ላይ የድል ሐውልቱ አለ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሱ ከስደት ተመልሰው ከተማ የገቡበት ቀን መታሰቢያ። አደባባዩን ስትዞሩ በአንድ መስመር ሁኑ፣ አስጎብኚው ሲገባ ሁላችሁም ተከታተሉና ግቡ፣ ሰፊ ክፍተት ከተዋችሁ ታክሲ ይገባበታል። ሥላሴ ካቴድራል ከዚህ ቅርብ ነው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አፅም በጥቅምት 1993 ያረፈበት። እሁድ ቅዳሴ ስለሚኖር ውስጡን ማየት ካማራችሁ ቅዳሜ ይሻላል፣ እሁድ ግን ግቢውን በፀጥታ፣ ሳይክሉን ውጪ ትታችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ቤተመንግስቱ በኩል ሚወርደው መንገድ ያምራል፣ ግን በሩንና ጠባቂዎቹን ፎቶ አታንሱ፣ በሩ ጋ ቆማችሁ ጎማ አትንፉ፣ እለፉ ብቻ።

አራት ኪሎ ላይ ቡና ወይ ጁስ። ስፕሪስ ከጠጣችሁ አንድ ለሁለት ተካፈሉ ሆድ ይሞላል ከዛ ዳገቷ አለች።

ዳገቷ ይቺ ናት፦ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ትወርዳላችሁ፣ ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ትወጣላችሁ። አብዛኛው ሰው ቁልቁለቱን ተዝናንቶ ወርዶ ድልድዩን ሲሻገር ከባድ ማርሽ ላይ እንዳለ ዳገቱ ይቀበለዋል፣ ከዛ ኃይል ሰጥቶ ማርሽ ሊቀይር ሲል ሰንሰለቱ ይወልቃል። ስለዚህ ድልድዩ ሳትደርሱ፣ ገና ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ እግራችሁ ቀለል እንዳለው፣ ማርሹን ቀንሱ፣ ከፊት ትንሹን ከኋላ ትልቁን ያዙ። ቁጭ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ምቱ፣ ቆማችሁ አትምቱ ልብ ቶሎ ነው ሚያልቀው። ካቃታችሁ ውረዱና ግፉ፣ ማንም አይታዘባችሁም፣ እሺ፣ ይታዘባችኋል፣ አንዱ ልጅ "ጎማው ይዞራል!" ብሎ መጮሁ አይቀርም፣ እጃችሁን አውለብልቡለትና ቀጥሉ። ሴቶች ለከፋ ያጋጥማቸዋል፣ መልስ ከመስጠት ቡድኑ መሀል መንዳት ነው ሚሻለው፣ አስጎብኚው ደግሞ ዝም ብሎ ማየት የለበትም፣ ይሄንንም አስቀድማችሁ ንገሩት።

ፒያሳ ከወጣችሁ ከባዱ አለቀ። እዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡ። አድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የካቲት 2016 የተከፈተ ነው፣ ውስጡን ለማየት ግን ሌላ ቀን ያስፈልጋል፣ በጣም ሰፊ ነው። ምኒልክ አደባባይ ላይ አስጎብኚያችሁን ስለ ፈረሰኛው ሐውልት ጠይቁት። በጥቅምት 1923 የኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጫን ዋዜማውን ተመረቀ፣ ጣልያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፣ ሲወጣ ደግሞ ተቆፍሮ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። ይሄን ማይነግራችሁ አስጎብኚ ከሆነ ብራችሁ ከስሯል። አጠገቡ ስምንት ማዕዘኑ ጊዮርጊስ ነው፣ የጊዮርጊስ ታቦት ከጦሩ ጋር አድዋ ድረስ እንደወረደ ይነገራል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ድሉ የሆነበት ቀንም የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በኩል ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጥይት የተገደሉት ጳጳስ። ለባቡሩ ስራ ሲባል ሐውልቱ ተነስቶ ቆይቶ እንደገና ቦታው ተተክሏል።

ማኪያቶ ፒያሳ ላይ ነው ሚጠጣው፣ ይሄ አያከራክርም። ቶሞካ ቆማችሁ ጠጡ፣ መቀመጫ ፈልጋችሁ አትናደዱ ድሮም ቆሞ ነው ሚጠጣበት። ጣይቱ ሆቴል እዚሁ ቅርብ ነው፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል፣ በረንዳው ላይ ትንሽ ማረፍ ይቻላል።

አሁን ቸርችል። ከማዘጋጃ እስከ ለገሃር ቀጥ ያለ ረጅም ቁልቁለት ነው፣ ከሳይክል መንገዶች ሁሉ ምወደው፣ እና ሰው ሚጎዳበትም እሱ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት አስጎብኚው ሁሉንም ሰብስቦ ፍሬን እንደገና ይፈትሽ። ስትወርዱ በመሀላችሁ ቢያንስ ሶስት የሳይክል ርዝመት ተዉ። ሁለቱንም ፍሬን ለስለስ አድርጋችሁ ያዝ ለቀቅ፣ የፊቱን ብቻ ድንገት ጨብጣችሁ በመሪው ላይ እንዳትበሩ። ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ሳብ፣ ፔዳሎቹ እኩል ይሁኑ፣ ክንዳችሁን አታድርቁት። መንገዱ ሰፊና አዲስ ስለሆነ ፍጥነቱ አይታወቃችሁም፣ መስቀለኛው ላይ ሲደርሱ ነው ሚታወቀው።

ሚኒባሶች ላይ ደግሞ ይሄን ህግ ያዙ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ እጁን ከዘረጋ ወይ ውስጥ "ወራጅ አለ!" ሲባል ከሰማችሁ ታክሲው ሳያስጠነቅቅ ቀኝ ሊገባ ነው፣ ፍሬን ያዙ እንጂ በቀኙ በኩል ልቅደም አትበሉ። የቆመ መኪና አጠገብ ስታልፉ በር እስኪከፈት ያህል ርቀት ተዉ። በማለዳ ውሻ ካሯሯጣችሁ አትሩጡ አትምቱትም፣ ቀስ በሉ ወይ ውረዱና ሳይክሉን በመሀላችሁ አድርጉት፣ ይሰለቸውና ይተዋችኋል።

ቸርችል ላይ ሳትቆሙ አትውረዱ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ ቅጂ አለ፣ ዋናው መቅደላ ነው። ቀጥሎ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት የተመረቀ፣ በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁ ኩባውያንም መታሰቢያ ነው። አምቡላንስ ሚገባበት ቦታ ስለሆነ መግቢያው ላይ አትሰብሰቡ። ብሔራዊ ቲያትር ጎራ ካላችሁ ከ1948 ጀምሮ እዛ ያለው ትልቁ የድንጋይ አንበሳ ይጠብቃችኋል፣ ንጉሱ የነገሱበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የቆመ፣ ከሌሎቹ አንበሶች ጋር ምንም ማይመሳሰል። አጠገቡ ባለ 53 ፎቁ የንግድ ባንክ ህንፃ ነው፣ ቀና ብላችሁ ለማየት ከሳይክሉ ውረዱ።

ለገሃር ሌላ አንበሳ። የይሁዳ አንበሳ ሐውልቱን ጣልያኖች ነቅለው ሮም ወስደውት ነበር፣ ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፉን የመዘዘው ይሄን አንበሳ አይቶ እንደሆነ ይነገራል፣ ሐውልቱ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ለኛ ወደ ባህር ሚወስደው በር ይሄ የባቡር ጣቢያ ነበር፣ አሮጌው ሐዲድ ከዚህ ጅቡቲ ድረስ 784 ኪሎ ሜትር ነው። አስጎብኚ ጎበዝ ከሆነ ጣቢያው ፊት ለፊት አቁሞ ከተማው ለምን ወደዚህ በኩል እንዳደገ ያስረዳችኋል፣ እቃውም ሰውም በዚህ ነበር ሚገባው።

ከለገሃር በስታዲየም በኩል መስቀል አደባባይ ቅርብ ነው፣ መሬቱም ሜዳ ነው፣ ግን የእግረኛው ብዛት ለጉድ ነው፣ ባቡሩ ጣቢያ ስር ሰው በሁሉም አቅጣጫ ይሻገራል። እዚህ ጋ ወርዶ መግፋት አያሳፍርም። ስለ ሳይክል ታሪክ ሚወድ ሰው ከያዛችሁ ስታዲየሙ ጋ ገረመው ደንቦባን አስታውሱ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው ሜልቦርን 1949 ላይ ነው፣ እሱም ከቡድኑ ጋር በሳይክል ተወዳድሯል። ሰው ሁሉ ሩጫ ብቻ ነው ሚመስለው።

መስቀል አደባባይ በሰኔ 2013 ታድሶ ከተከፈተ በኋላ ለሳይክል ተመችቷል። ደረጃዎቹ ላይ ጠዋት ስፖርተኛው ስለሚሞላ እነሱን አትቁረጡባቸው፣ በአንድ ጎን አቁማችሁ ዘርጋ ዘርጋ በሉ። ጉልበት ከተረፋችሁ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው፣ አደባባዩ ጥግ ላይ፣ ከ2002 ጀምሮ ያለ፣ ከባድ ነው፣ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ አትግቡ፣ ካያችሁም በኋላ ለማውራት ጊዜ ይኑራችሁ። ሌላው አፍሪካ አዳራሽ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሰረተበት። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ስዕል ለማየት አስቀድሞ ፕሮግራም መያዝ ያስፈልጋል፣ ዝም ብሎ በሳይክል በሩ ላይ ተገኝቶ አይገባም።

መመለሻውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መነሻችሁ ከመድረሻችሁ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ሳይክሎቹን ወደ ላይ ሚያወጣ ፒካፕ ወይ አይሱዙ አስጎብኚው ያዘጋጅ፣ ዋጋው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ "ትንሽ ነው እንነዳዋለን" ይላችሁና ፀሐይ ወጥቶ ታክሲ በዝቶ ቸርችልን ወደ ላይ ታገኙታላችሁ። እናንተ በታክሲ ወይ በባስ ሂዱ፣ መኪናችሁን ስድስት ኪሎ ያቆማችሁ ካላችሁ ያንንም አስቡበት። ሂሳብ ከመዝጋታችሁ በፊት ሄልሜቱን ሳይክሉን አስረክቡ፣ የተሰበረ ነገር ካለ እዛው በዓይን እያያችሁ ተነጋገሩ፣ ቀሪውን በቴሌብር ላኩ። ጉርሻ ለሁለቱም ስጡ፣ በተለይ ከኋላ ለነበረው ልጅ፣ ታሪክ ሚያወራው ሰው ሁሌ ይታወሳል ጎማ የነፋው ግን ይረሳል። ከዛ ወደ ቁርስ፣ ጾም ካልሆነ ጥብሱም ጨጨብሳውም አሁን ይፈቀዳል።